ሊቀ ቤንዚን ጋሽ በኃይሉ

በየሰፈሩ ሳይጠየቅ የሚመልስ አንድ ሰው አይጠፋም። ከጠፋ ያ ሰፈር ገና አልተቆረቆረም ማለት ነው። መካኒሳ በዚህ በኩል ዕድሉ ሰምሮለት ነበር፤ ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት በዚያ ዘመን ሊቀ ሊቃውንት ዘቤንዚን ክቡር አቶ በኃይሉን የመሰለ ሰው ደርሶታል። ችግሩ፣ ግቢያቸው ከነጋ ግቢ ጋር አጥር መጋራቱ ነበር።

ነጋ ሰላም የሚወድ የሒሳብ መምህር ነው። አባቱ ሲሞቱ ከጃንሆይ ጊዜ የተረፈች ነጭ አልፋ ሮሜዎ ትተውለታል። ጠዋት ጠዋት ሞተሯን ባስነሳ ቁጥር ጋሽ በኃይሉ በፒጃማ በአጥሩ ላይ ብቅ ይሉና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

«መኪና አፍ የላትም፤ እኔ ግን ጆሮ አለኝ። ዛሬም ርካሹን ቤንዚን፣ ሬጉላሩን ነው ያጠጣሃት!»

«ጋሼ፣ ቤንዚን ያው ቤንዚን ነው።»

ይህን ማለት አልነበረበትም። የዚያን ዕለት ነጋ ትምህርት ቤት የደረሰው ተማሪዎቹ ለዕረፍት ሲወጡ ነው።

«ኦክቴን ማለት የቤንዚን ትዕግሥት ነው!» ይላሉ ጋሽ በኃይሉ። «የአንተ ሞተር አጥብቆ ነው የሚጨምቀው። ውዱ ቤንዚን፣ ሱፐር፣ ካንዴላው እሳት እስኪሰጠው ድረስ ይታገሣል። ሬጉላር ግን ሳይጠራ ቀድሞ ይፈነዳል። ዳገት ላይ ጠቅ ጠቅ እያለ የሚያንኳኳብህ እሱ ነው!» የራሳቸው መኪና ፎልስ ነበረች። እሷ ገር ናት፣ ሬጉላር ይበቃታል፤ ለፎልስ ሱፐር ማጠጣት በእሳቸው ዘንድ ንስሐ የሚያስገባ ኃጢአት ነው።

ትምህርታቸው አጥር ላይ ብቻ አልቀረም። ቀበሌው ስለ ስኳር ክፍፍል በጠራው ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው ስለ ኦክቴን ዐርባ ደቂቃ ተናግረዋል። ሊቀመንበሩ «ጓድ፣ ወደ አጀንዳው!» ቢሏቸው፣ «አጀንዳው ራሱ እያንኳኳ ነው» አሉ። ለቅሶ ቤት ገብተውም ሟቹ ምን ዓይነት ቤንዚን ያስቀዱ እንደነበር ጠይቀዋል ይባላል።

ነጋም ግትር ነው። ላለመሸነፍ ሲል መኪናዋን ሦስት ጊዜ መካኒኩ ከድር ዘንድ ወሰዳት። ከድር ካንዴላ ለወጠ፣ ካርቡራተር አጠበ፣ የሞተሩንም ራስ ከፈተ። ዳገት ላይ ግን ያው ጠቅ ጠቅ ነበር።

ከዚያ የታናሽ ወንድሙ የወጋየሁ ሠርግ ደረሰ። የሙሽራዋ የዓለሚቱ አጎት መርሴዲስ እንስጣችሁ ቢሉ ነጋ እምቢ አለ። «አባታችን ባይኖሩ መኪናቸው ትኑር» ብሎ ለወንድሙ ቃል ገብቶ ነበር። ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ፒያሳ ፎቶ ቤት ይሄዳሉ፤ ቸርችል ጎዳናን መውጣት ግድ ነው። ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ነጋ ዳገቱን ሞከረው። ፖስታ ቤቱን ሳያልፍ ሞተሩ እያንኳኳ ጉልበቱ አለቀና ቆመ። በዚያ ቦታ፣ በአማቶች ፊት፣ ሙሽራ ጭኖ መቆምን አሰበው።

ቤቱ ሲመለስ ወደ አጥሩ ሄደ። በሰባት ዓመት የአጥር ክርክር ለመጀመሪያ ጊዜ ጠሪው እሱ ሆነ።

«ጋሼ፣ ምን ላጠጣት?»

ጋሽ በኃይሉ የዚያን ዕለት ትምህርት አልሰጡም። «ለእኔ ተወው» አሉና ገቡ።

ሱፐር በዚያ ሰሞን እንደ ልብ አይገኝም። ፎልሷ የማደያ ሰልፍ ይዛ ከግቢው ለሦስት ቀን ጠፋች። የሠርጉ ዕለት ጠዋት ነጋ ሲወጣ ጋሽ በኃይሉ ባዶውን የአልፋ ታንክ ከፍተው፣ በሁለቱ መኪኖች መሐል ቁጢጥ ብለው፣ በአፋቸው ላስቲክ ቱቦ ይስባሉ። ሱፐሩ ከፎልሷ ወደ አልፋዋ ይወርዳል።

«ጋሼ! ፎልሷን ሱፐር አጠጧት?»

«ምን አልክ?» አሉ ቤንዚን እየተፉ። «በጀሪካን አንቀዳም አሉኝ፤ በሆዷ ይዛ መጣች እንጂ ጠብታ አልቀመሰችም። ከማደያው እዚህ ድረስ በሰው አስገፍቼ ነው ያመጣኋት!» የወሩ ኩፖናቸው በዚያው አልቋል። ነጋ ጎንበስ ብሎ ቱቦውን ያዘላቸው።

አጀቡ ቸርችል ግርጌ ሲደርስ ከነጋ ጎን የተቀመጡት ጋሽ በኃይሉ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው አወዛወዙ። «ዝም በሉ! አንድም ጥሩምባ እንዳልሰማ!» ሚዜዎቹ ዘፈናቸውን ዋጡ። የኋላ መኪኖችም ምን መጣ ብለው ጸጥ አሉ። በአበባ ያጌጠ የሠርግ አጀብ ድምፅ ሳያሰማ ዳገቱን ያዘ፤ የቀብር መስሎት ባርኔጣውን ያወለቀ መንገደኛም ነበር። ዓለሚቱ የወጋየሁን እጅ ጨብጣለች። ነጋ ማርሹን ቀንሶ ነዳጁን ረገጠ። ፖስታ ቤቱ አለፈ። ዳገቱ ጠነከረ፤ እሷም ጠነከረች። ማዘጋጃ ቤቱ ብቅ አለ።

«ምን ሰማህ?» አሉ ጋሽ በኃይሉ በሹክሹክታ።

ነጋ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘነበለ። «ምንም። ምንም አልሰማሁም፣ ጋሼ!»

«እሱ ነው ኦክቴን!»

ከዚያ ነጋ ጥሩምባውን እስከ ፒያሳ አልለቀቀውም። የኋላዎቹም ተከተሉት፤ መርሴዲሱ ሳይቀር ጮኸ፣ እልልታው መንገዱን ሞላው።

ፎቶ ቤት ውስጥ ባለሙያው ሙሽሮቹን አቁሞ ሊያነሳ ሲል፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸቱ ሽማግሌ ጠጋ ብለው «ይህ መብራት ለዚህ ፊልም አይሆንም» አሉት። ፎቶ አንሺው ፊቱ ቀላ። «እኚህ ሰውዬ ደግሞ ማን ናቸው?»

ነጋ የጋሽ በኃይሉን ትከሻ አቀፈ።

«የእኛ ጋሼ ናቸው» አለ። «መብራቱን እንዳሉህ አድርገው፣ ወንድሜ። እኔ ሰባት ዓመት እሳቸውን አልሰማም ብዬ ዳገት ለዳገት ሳንኳኳ ኖሬያለሁ።»