ዘይትና ውሃ ተዋህደዋል

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእንጦጦ ዳገት ሥር ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የአቤቱታ ክፍልና የፈቃድ ክፍል እንዲዋሃዱ ታዘዘ። ትእዛዙ ደርሷል፣ በመሐል ያለው ግድግዳ ፈርሷል፣ ድፎ ዳቦም ተቆርሷል። የቀረችው ትንሽ ነገር ናት፤ ሠራተኞቹ አይነጋገሩም። ለዚሁ በተጠራ ስብሰባ ላይ የአቤቱታ ክፍሏ ወይዘሮ ዘቢደር ብድግ ብለው «እኛኮ ዘይትና ውሃ ነን» አሉ።

የኃላፊው የአቶ ሠረቀብርሃን ደም ፈላ። ሰኞ ከላይ ገምጋሚዎች ይመጣሉ፤ ውህደት ካላዩ የኃላፊነት ወንበራቸው ደህና ሰንብች ናት። ያቺን ተሽከርካሪ ወንበር ደግሞ እንዴት እንደሚወዷት! ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ሊነቅሉት ቆረጡ፤ ዘይትና ውሃ ራሳቸው ይዋሃዱና ሰበቡ ይቅር።

የኑግ ዘይትና ውሃ በሃይላንድ ተደርጎ ቀረበ። ውሃው በፈረቃ፣ ዘይቱ በሰልፍ የሚገኝ ነውና ሁለቱ በአንድ ቀን መገኘታቸው ራሱ የውህደቱ የመጀመሪያ ድል ተብሎ ተጨበጨበ። ሲንጡት ተዋሃደ። ሲያስቀምጡት ዘይቱ ሽቅብ ወጣ። ጸሐፊዋ ሀሴት ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ቢደረግበትስ ብትል፣ በውስጥ ጉዳያችን ሦስተኛ ወገን አናስገባም ተብላ ተገሠጸች።

እናላችሁ፣ መናጥ የሥራ ዘርፍ ሆነ። ጧት ፈቃድ ይንጣል፣ ከሰዓት አቤቱታ። ባለጉዳይ ሲመጣ «ውህደት ላይ ናቸው» ይባላል። ሠራተኛው አሁንም ሳይነጋገር ሃይላንዱን እየተቀባበለ፣ ክንዱ እስኪዝል ይንጣል።

ሰኞ ዕለት አቶ ሠረቀብርሃን ራሳቸው እየናጡ በር ላይ ቆሙ። ወርቅ የመሰለ ውህደት! በደስታ ሊዘሉ ምንም አልቀራቸው። ታዲያ የገምጋሚዎቹ ቡድን መሪ፣ ክቡር አቶ ዘመንፈስቅዱስ፣ እጃቸውን ዘረጉ። የትልቅ ሰው እጅ በአንድ እጅ አይጨበጥ ነገር! አቶ ሠረቀብርሃን ሃይላንዱን በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ክቡርነታቸው ደግሞ ሰላምታ ይወዳሉ፤ እጃቸውን ሳይለቁ ጤናውንም፣ ቤተሰቡንም፣ የእንጦጦን ብርድም ጠየቁ። ቀና ሲሉ ዘይቱ ከላይ ተንደላቋል፣ ውሃው ከታች ተኝቷል።

ተሽከርካሪዋ ወንበር በአቶ ሠረቀብርሃን ዓይን ላይ ዞረች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ክቡርነታቸው።

«ክቡር፣ ውህደቱ ተጠናቋል። አሁን የሚያዩት... ምደባው ነው።»

ክቡርነታቸው መነጽራቸውን አስተካክለው ሃይላንዱን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያም ወደ አቶ ሠረቀብርሃን ጆሮ ጠጋ አሉ።

«ከላይ ያለው እኛ ነን አይደል?»

«ታዲያ ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል!»

«እንግዲያውስ ተዋህዷል» አሉና አጨበጨቡ።