ፊልማችን ለምን ደወሌን አያልፍም

የእኛ አገር ትልልቅ ፊልሞች ውጭ ወጥተው ለምን እንደማይሸጡ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ሐኪም የሌለው ከተማ አለ፣ ውኃ የማያገኝ ሰፈር ሞልቷል፤ ይህ ሰው ግን አይጠፋም። ፊልም ሠርቶ አያውቅም። ካሜራ የያዘው አንድ ጊዜ ነው፤ የእህቱ ሠርግ ላይ፤ እሱንም ሙሽራዋን ከአንገቷ በላይ ቆርጦ አስቀርቷታል። ምክንያቱን ግን ያውቃል፤ ጠየቃችሁትም አልጠየቃችሁትም ይነግራችኋል።

የድሬዳዋው ክቡር አቶ ይትባረክ ናቸው፤ ሊቀ ጠበብት ዘሲኒማ፣ የከዚራ ሻይ ቤቶች የበላይ ጠባቂ። መጋላ ውስጥ ለአሥራ ስምንት ዓመት ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። ክብሩ እዚህ ላይ ይብቃን። አንቱታ ከአዲስ አበባ ተሳፍሮ ሲመጣ ሁርሶ ላይ ወርዷል፣ ድሬ አልደረሰም ይባላል፤ ስለዚህ ከእንግዲህ ይትባረክ ብቻ ነው። ቪዲዮ ቤቱ ሰው ሁሉ ስልክ ሲይዝ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሽርጡን አሸርጦ የሙመድ ሻይ ቤት ደጃፍ፣ ዛፉ ሥር፣ ያቺኑ ወንበር ይዞ ይውላል። ሙመድ ወንበሯን ለሌላ ሰው ሰጥቶ አያውቅም፤ ቢሰጥም ተቀማጩ ግማሽ ሰዓት አይቆይም፣ ይትባረክ ከፊቱ ቆሞ ያስተምረዋል።

"ደወሌን አያልፍም" ይላል። ደወሌ ወደ ጅቡቲ ስትሄዱ ከድንበሩ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ከተማ ናት። አዲስ ፊልም መጣ ተብሎ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ከባጃጁ ሳይወርድ አንብቦ "ደወሌን አያልፍም" ብሎ ጉዞውን ይቀጥላል። የሙመድ ልጅ ዱኒያ ጅቡቲ ተድራ ልትሄድ ሻንጣዋን ስታስር እንኳ፣ ከልማድ ብዛት አፉ አምልጦት ይህንኑ ብሎ ለሁለት ወር ሻይ በትኩሱ አልቀረበለትም።

ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። አንዴ ሰዓት ይዞ አንድ ዋና ተዋናይ ከመኪናው ለመውረድ የፈጀበትን ለካ፤ አራት ደቂቃ። "ምንድን ነው የምንሸጠው? ፊልሙን ነው መኪናውን? መኪናውንማ የሠሩት እነሱ ናቸው" አለ። ደግሞ ደረጃ አለ። ሀብታም ቤት ሲታይ ሁልጊዜ ሰው ከደረጃ ይወርዳል፤ "ፈረንጅ ደረጃ አይቶ የማያውቅ መሰላቸው?" ይላል። የጎረቤታችን የወልደጻድቅ ለቅሶ ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ እህትየዋ ደረቷን እየደቃች ስትጮህ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ይኼ ነው ለቅሶ። የእኛ ተዋናይ ግን ኩሏን እየጠበቀች ነው የምታለቅሰው" አለኝ። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየን። እኔ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ እሱ ግን ንፍሮውን ይቆረጥማል።

እንግዲህ ስለ ማፈር ካነሣሁ አይቀር፣ የራሴን ልንገራችሁ።

እኔ በከተማው ሬዲዮ በሳምንት አንድ ቀን ወግ የማነብ ሰው ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ናሁሰናይ የሚባል ዳይሬክተር "ሰባተኛው ፉርጎ" የሚል ፊልም ሊሠራ ከአዲስ አበባ መጣ። ስለ ድሮው ባቡር ነው። በአገራችን ታሪክ ይህን ያህል የወጣበት ፊልም የለም ተባለ፤ ሄሊኮፕተር ተከራይተዋል፣ እዚሁ ድሬ ለገሃር እውነተኛዎቹ ባቡሮች ቆመው እያሉ ከጣውላ አዲስ ባቡር ሠርተዋል። ጅቡቲ ይታያል፣ ከዚያ ዱባይ፣ ከዚያ አውሮፓ። እኔን የድሬዎቹን ንግግር እንድጽፍ ቀጠሩኝ። ስሜ ስክሪን ላይ ይወጣል አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ በኋላ ጆሮዬ ሌላ ነገር አልሰማም።

ሥራው ተጀምሮ በሦስተኛው ቀን ይትባረክ ደቻቱ መጣ። ደቻቱ መቼም ደረቅ ወንዝ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አሸዋ። ናሁሰናይ ግን የደቻቱ አሸዋ ለካሜራ አይሆንም ብሎ በስድስት ሲኖትራክ ሌላ አሸዋ አስጭኖ አስመጥቷል። ይትባረክ መኪኖቹ ሲገለብጡ ቆሞ አየ። "ወሪያ" አለው ናሁሰናይን፣ "ደቻቱ ድረስ አሸዋ ይዘህ መጣህ?" ጥበቃዎቹ ክንዱን ይዘው አወጡት። ሲያልፍ አየኝ፤ ሰላም ሊለኝ እጁን አነሣ። እኔ ጎንበስ ብዬ ወረቀቴን አነበብኩ። ወረቀቱ ባዶ ነበር።

የሂንዳ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሂንዳ ቀፊራ ገበያ ሎሚ የምትሸጥ ሴት ናት፤ በወጣትነቷ ከጅቡቲ በባቡር ጨርቅ ታመላልስ ነበር፣ እንዴት አድርጋ እንደነበር አትጠይቁኝ። በፊልሙ ውስጥ ራሷን የምትመስል ነጋዴ ሆና ገባች። ፈታሾች ፉርጎው ውስጥ ይገባሉ፣ ጨርቁን ያገኙባታል። እሷም በአማርኛ ትጀምራለች፣ በሱማሊኛ ትሳደባለች፣ በኦሮምኛ ትለምናለች፣ ወደ መጨረሻው አንዱ ፈታሽ የሐረር ልጅ መሆኑን ታውቅና በሐደሪኛ እናቱን ሰላም በልልኝ ትለዋለች። ሁለት ደቂቃ ነው። ግማሹን እኔ ጻፍኩት፣ ግማሹን እሷ ከሆዷ አመጣችው። መብራት የያዙት ልጆች ሳይቀሩ እየሳቁ መብራቱ ተንቀጠቀጠ። እኔ በሕይወቴ ከዚያ የተሻለ ነገር አልጻፍኩም።

ፊልሙ ለቅንብር አዲስ አበባ ሲደርስ ናሁሰናይ ጠራኝ። "ዓለም አቀፍ ተመልካች አራት ቋንቋ ሲሰማ ይደናገራል። ሁሉም ጥርት ባለ አማርኛ ይናገር፣ ከሥሩ እንግሊዝኛ እንጽፋለን" አለ። በሂንዳ ድምፅ ላይ የሌላ ተዋናይት ድምፅ ተጫነ፦ "ጌታዬ ሆይ፣ ይህ ጨርቅ የልጆቼ ዕለታዊ ጉርስ ነው።" ቀፊራ ውስጥ "ጌታዬ ሆይ" ብላችሁ ሎሚ ብትጠይቁ ታመመ ብለው ባጃጅ ይጠሩላችኋል። "ምን ይመስልሃል?" አለኝ። ስሜ የሚወጣበትን ቦታ አስቀድሞ አሳይቶኝ ነበር። ትልቅ ነው፣ ብቻውን ነው። "ያምራል" አልኩ። ሂንዳ እንድታውቀው ማን ይንገራት ሲባልም፣ እኔ እነግራታለሁ አልኩ። አልነገርኳትም።

ጅቡቲ የታየ ዕለት ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። በማግስቱ ናሁሰናይ ደውሎ፣ "አሥራ አንድ ሰው ነው የገባው። ለሰው እንዳትናገር፣ ጥሩ ነበር በል" አለኝ። ታዛዥ ሰው ነኝ። ሙመድ ሻይ ቤት ሄጄ አዳራሹ ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆመ፣ ሲያልቅ ተነሥተው አጨበጨቡ አልኩ። ይትባረክ ለሦስት ቀን ጠፍቶ በዚያው ጠዋት ነው የተመለሰው፤ የት ከረምክ ቢሉት "ዋሂል ነበርኩ፣ ገጠር። ለቅሶ ነበረብኝ" አለ። የጠረጴዛው ሰው ሁሉ የሚለውን ጠበቀ። ሙመድ እንኳ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ቆመ። ይትባረክ ሻዩን አስቀመጠና "እንኳን ደስ ያለህ" አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ረታሁት ብዬ ነው ያን ቀን ቤቴ የገባሁት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወሬውን ደጋገምኩት፤ በየቀኑም ተመልካቹ እየበዛ ሄደ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሚኒስትር ጨመርኩበት።

ከዚያ ሎሚ ልገዛ ቀፊራ ሄድኩ። ሂንዳ ስታየኝ በርጩማዋን ገፋ አደረገችልኝ። "ጉልበትህ ተሻለህ?" አለች። ተሻለኝ አልኩ። "እንኳንም ጅቡቲ አልመጣህ" አለችና ነገረችኝ።

ለካ እሷም ሄዳ ኖሯል፤ በፓስፖርት ድንበር ስትሻገር የመጀመሪያዋ ነው። ብቻዬን አልሄድም ብላ፣ ዋሂል ነበርኩ ያለንን ይትባረክን ይዛ ሄደች። ያሳደገቻት አክስቷ ኢፍቲን ጅቡቲ ናት፤ አርጅታለች፣ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ የሂንዳን ድምፅ ልትሰማ ነው ሲኒማ ቤት የገባችው። የፉርጎው ቦታ ሲደርስ ሂንዳ የአክስቷን እጅ ያዘች። "ጌታዬ ሆይ" አለ ስክሪኑ።

"ታኒ ሂንዳ ማሃ" አለች አክስትየዋ፤ ይቺ ሂንዳ አይደለችም ማለቷ ነው። "ልጄን ምን አደረጓት?"

ይትባረክ ተነሣ። ወደ ኋላ ሄዶ ማሽኑን የያዘውን ሰው ከድሮ የምድር ባቡር ሠራተኞች በለቀማት ፈረንሳይኛ ለመነው፣ ተቆጣው፣ እንደገና ለመነው፤ ሰውየው ያንን ቦታ መልሶ ድምፁን ዘጋው። ከዚያ ሂንዳን ክንዷን ይዞ ስክሪኑ አጠገብ አቆማት። እሷም በራሷ አፍ፣ በአራቱም ቋንቋ፣ እንደዚያ ቀን አድርጋ አለችው። አሥራ አንዱ ሰው፣ ይትባረክና እሷም ተቆጥረው፣ ሳቁ። አክስትየዋ እየሳቀች አለቀሰች። አንድ ሽማግሌ ይደገም አለ፣ ተደገመ። የፊልማችን የውጭ አገር ስኬት ይኸው ነው፤ ሁለት ደቂቃ፣ ሁለት ጊዜ።

"የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው ያደረጉት፣ አንተ ብታውቅ አትፈቅድም ነበር አለኝ ይትባረክ" አለች ሂንዳ፣ ሎሚውን እየመረጠችልኝ።

ላብ አጠመቀኝ። የድሬ ሙቀት ነው እንዳልል የገበያው ጣራ ሥር ነን። ዝም ብዬ ሎሚዬን ይዤ መሄድ እችል ነበር፤ በሩ ተከፍቶልኛል፣ ከፍቶ የያዘልኝም ያ ወረቀት እያነበብኩ ያሳለፍኩት ሰው ነው። አልቻልኩም።

"አውቅ ነበር ሂንዳ" አልኳት። "ጠይቀውኝ ያምራል ያልኩት እኔ ነኝ። ልነግርሽም ቃል ገብቼ ነበር፣ ፈራሁ።"

እጇ አላቆመም። "አውቃለሁ" አለች።

"ማን ነገረሽ?"

"ይትባረክ ራሱ። እውነት ሲያወራ ሁለት ሰዓት ነው የሚፈጅበት። አንተ አላወቅክም ያለኝን ግን በአንድ ትንፋሽ ነው ያለው።" ከረጢቱን ሰጠችኝ። "ወላሂ በጣም ነው የተቆጣሁህ። አሁንም አልበረደልኝም። ግን ለአንተ ብሎ በስተርጅና ውሸት ሲማር እያየሁ፣ ዋሸህ ብዬ ላሳፍረው?"

ከቀፊራ ከዚራ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ነው ለዓመታት የቀለድኩት፤ በሬዲዮ ሳይቀር። ወንበሩ ላይ ነበር። ቁጭ ብዬ ለጠረጴዛው ሁሉ፣ አዳራሹ አልሞላም፣ አሥራ አንድ ሰው ነበር፣ ሚኒስትርም አልነበረም፣ ዋሸኋችሁ አልኩ። ሙመድ ቀስ ብሎ ሻይ ቀዳልኝ።

ይትባረክ አየኝና ፊልሙ ለምን እንዳልሆነ ማስረዳት ጀመረ። ስለ አሸዋው ተናገረ። ስለ ጣውላው ባቡር፣ ስለ ሄሊኮፕተሩ፣ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ለሚያነብ አገር ከሥሩ ስለተጻፈው እንግሊዝኛ ተናገረ። ሁለት ሰዓት ሊሆነው ነው። እኔ አንዱም ውስጥ የለሁም። ፉርጎው ጋ ሲደርስ ዘለለውና ወደ ሙዚቃው ሄደ።

"ድምፁን ረሳህ" አልኩት።

"አልረሳሁም።"

"እንግዲያው ንገራቸው።"

ሽርጡን አስተካከለና ወደ ሻዩ አቀረቀረ። "እኔ የማውቀው ይኼን ያህል ነው" አለ። "የቀረውን አንተ ንገራቸው።"

ነገርኳቸው።