የሊቀ መንገድ ምሥጋናው ክታብ

በየከተማው ገና ላልመጣ ነገር ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ አንድ ሰው አለ። የለም የሚለኝ ካለ የከተማውን ስም ይንገረኝ፤ ሄጄ ሰውየውን በጣቴ አሳየዋለሁ። መብራት ሳይገባ ፍሪጅ ገዝቶ ጤፍ ያስቀመጠበት አለ። የቧንቧ ውሃ ሰፈሩ ሳይደርስ ሻወር ያስተከለ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር መክፈቻውን እያሽከረከረ «ይኼ ሙቁ፣ ይኼ ቀዝቃዛው» የሚል አለ። እነዚህን ሰዎች መንግሥት ሊሸልማቸው በተገባ ነበር። የተገባውን ቃል ሁሉ ከልባቸው አምነው የሚጠብቁ እነሱ ብቻ ናቸውና።

የላሊበላው የዚህ ማኅበር አለቃ ክቡር ሊቀ መንገድ ምሥጋናው ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛው ነን። የካህናት ከተማ ነው፤ ዞር ባልክበት ሁሉ አንዱ ሊቀ እንዲህ፣ ሌላው ሊቀ እንዲያ ነው። በዚህ መሀል አንድ ባለሞተር ባዶውን ሲሄድ ያሳዝናል። ሥራቸው በቀይ ሞተራቸው ማመላለስ ነው፤ ካህን ወደ ገነተ ማርያም፣ ዶሮ ወደ ገበያ፣ ታማሚ ወደ ጤና ጣቢያ። አንዳንዴ ሦስቱንም ባንድ ጉዞ።

የእሳቸው ሞተር ግን እንደ ማንም ሞተር አይደለም። ከመሪው መካከል የክብሪት ቀፎ የምታክል ነጭ ፕላስቲክ ተለጥፋለች። በሠለጠነው ዓለም የክፍያ መንገድ የሚባል አለ፤ ይህችን የለጠፈ ተሽከርካሪ በሩ ላይ ሲደርስ አይቆምም፣ ኪሱን አይዳብስም፣ ከማንም ጋር አይጨቃጨቅም። መሣሪያዋ «ጢጥ» ትላለች፣ በሩ ይከፈታል፣ ክፍያው በሩቁ ይቆረጣል። ልጃቸው ወንድምአገኝ ዐረብ አገር በሞተር ምግብ ሲያመላልስ ይጠቀምባት የነበረች ናት። ከአንድ ሄልሜትና ከአንድ ጃኬት ጋር ወደ አገር በሚመለስ ሰው እጅ ላከላቸው። ከተማው ነገርን በስሙ መጥራት አይወድምና «የምሥጋናው ክታብ» ብሎ ሰየማት።

ላስታ ውስጥ የክፍያ መንገድ የለም። ይህን የነገራቸውን ሰው ሊቀ መንገድ የሚያዩት ጥርሱን ገና እንዳላበቀለ ሕፃን ነው።

«ይመጣል» ይላሉ። «የፍላቂትን ከተማ አቋርጦ፣ አራት መስመር ሆኖ እዚህ ድረስ ይመጣል። ያን ጊዜ እናንተ ሰልፍ ትይዛላችሁ፣ እኔ በጎናችሁ እሄዳለሁ።» ከዚያ የታወቀው ቃላቸው ይከተላል። «ሥልጡን ሰው በር ላይ አይቆምም። በሩ ራሱ ያውቀዋል።»

ጋዜጣ አያነቡም። «የትናንት ወሬ ምን ያደርግልኛል» ይላሉ። ይህ ባሕርያቸው ዛሬ ጠቅሞኛል፤ እንደ ልቤ እጽፋለሁ።

የክፍያ መንገድ ባይኖረንም ታዲያ ገመድ አለን። ነበረን ማለቴ ነው። ከከተማው ወጥቶ ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ላይ ሁለት ምሰሶዎች ቆመዋል፤ በመካከላቸው ገመድ ይወጠራል፤ የከፈለ ያልፋል፣ ያልከፈለ ይቆማል። ማን እንዳዘዘው፣ የሚሰበሰበውም የት እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ። የጠየቅሁት ሁሉ ጣቱን ወደ ሌላው ይቀስራል። ምጥ የያዛት ሴት የጫነ ሚኒባስ እዚያ ገመድ ፊት ቆሞ ሲከራከር በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ነው ራሴን ያስተማርኩት፤ ያስተማርኩትም ዝም ለማለት አይደለም። አቤቱታ ጻፍኩ። መልስ ሲጠፋ ሌላ ጻፍኩ። በስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ፣ «ደሳለ፣ ተቀመጥ» ተባልኩ፣ ቆሜ ጨረስኩ።

የገመዱን ጠባቂ በድሩን አልወቅሰውም። እሱ የገመዱ ጫፍ እንጂ ገመዱ አይደለም። ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ባለሞተር ሁሉ ከሩቅ ታጥፎ ከመንገዱ ዳር ባለው ባሕር ዛፍ ሥር ዞሮ ሲያመልጥ እያየ እንዳላየ ይሆናል። ቀጥ ብለው፣ ደረታቸውን ነፍተው ወደ ገመዱ የሚመጡት ሊቀ መንገድ ብቻ ናቸው። መሣሪያዋ ድምፅዋ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ ገመዱ አጠገብ ሲደርሱ ከንፈራቸውን አሹለው ራሳቸው «ጢጥ» ይላሉ። በድሩ ገመዱን ያረግባል። ሊቀ መንገድም አንገታቸውን ሳያዞሩ እልፍ ይላሉ። በድሩ አንድም ቀን ክፈሉ ብሏቸው አያውቅም። «አብሽር፣ በመሣሪያው ተቆርጧል» ይላል ፈገግ ብሎ።

አንድ አርብ በድሩ ገመዱን መሬት ላይ ጥሎ ጁምዓ ሄዷል። መንገዱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሊቀ መንገድ መሪጌታ ገብረ ዮሐንስን ከኋላ ጭነው ደረሱና ሞተሩን አቆሙ።

«ምነው ቆምን?» አሉ መሪጌታ።

«በድሩን እንጠብቃለን፣ አባቴ።»

«መንገዱ ተከፍቶ የለም እንዴ?»

«ተከፍቷል። ግን አልተከፈተልንም።»

መሪጌታ ለቀብር ነበር የሚሄዱት። ሰማዩን አዩ፣ ምሰሶውን አዩ፣ ክታቢቱን አዩ። «ምሥጋናው፣ ልጄ፣ ያ ሬሳ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ይጠብቀኛል። ሁሉ በባሕር ዛፉ ሥር ሲያልፍ አንተን ምን አስቆመህ?»

«መቆም አይደለም፣ አባቴ። እየተነበብን ነው።»

«በማን? ዳዊት ነን እንዴ የምንነበብ?»

በድሩ ሰግዶ መጣ። ምን እንደሚፈለግ ሳይነገረው ገመዱን አንሥቶ ወጠረ። «ጢጥ» አሉ ሊቀ መንገድ። በድሩ አረገበ። መሪጌታ ይህን ታሪክ ለእኔ ሲነግሩኝ «ዕድሜዬን ሙሉ ክታብ አትያዙ ብዬ አስተምሬ፣ በስተርጅና በክታብ ተጭኜ ሄድኩ» አሉ።

ኔትወርክ ከአካባቢያችን በጠፋ ጊዜ እንኳ ሊቀ መንገድ አላቆሙም። የሚጭኑት ሰው ባይኖርም ባዶ ሞተራቸውን ነድተው ወደ ገመዱ ይሄዳሉ፣ «ጢጥ» ይላሉ፣ ጥቂት ሄደው ይመለሱና እንደገና «ጢጥ» ይላሉ። አንድ ቀን አግኝቻቸው «ጋሼ ምሥጋናው፣ ቤንዚን እንዲህ ተወዶ ምን ያመላልስዎታል?» ብላቸው «ኔትወርኩ ሲመለስ ተጠራቅሞ ይገባል» አሉኝ። ምኑ ነው የሚጠራቀመው ብዬ አልጠየቅሁም። የሰው ሞኝነት ሲበዛ ትዕግሥቴ ያልቃል። ሥራዬን ትቼ በሰው ሞተር ላይ ልመራመር እንዴ?

በመጨረሻ ገመዱ እንዲነሣ ተወሰነ። ማን እንዳሰረው ሳይታወቅ የኖረ ገመድ፣ ማን እንደወሰነ ሳይታወቅ ሊፈታ ሆነ። ወሬው ገበያውን ሞላው። የማላውቃቸው ሰዎች ትከሻዬን መቱ። ባለ ሚኒባሱ ስልኩን ሊያስጠግን መጥቶ ጀግናዬ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሊቀ መንገድ ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ሄልሜታቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«አንተ ነህ አሉ ያስነሣኸው» አሉኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ወንበሬ ላይ ተደላድዬ።

«ደግ አደረግህ። ሕዝቡ ተማሮ ነበር።» ሄልሜታቸውን አገላበጡ። «እንደው ለአንዲት ለእኔ ጉዳይ ብለህ... ገመዱ ሳይከፈልበት እንዲሁ ቢወጠር አይሆንም?»

«ለምን?»

«ወንዴ በምን ያውቃል?»

አልገባኝም። ያን ጊዜ በርጩማው ላይ ቁጭ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብለው አስረዱኝ። መሣሪያዋ የተመዘገበችው በወንድምአገኝ ስም ነው። በር ባለፈች ቁጥር ልጁ ስልክ ላይ መልእክት ይገባል፤ ይህን ራሱ ልጁ ነግሯቸዋል። «አባዬ፣ ይቺን የያዘ ሰው በር ላይ አይቆምም፤ ባለፍክም ቁጥር እኔ ስልክ ላይ አለፈ ብሎ ይጽፍልኛል» ብሎ ሳቀ። ከላካት ወዲህ ጥቂት ጊዜ ደውሏል። ከዚያ አልደወለም። ሲደውሉለትም ስልኩ አይጠራም።

«ሥራ ይበዛበታል» አሉ። «እኔም አልጨቀጭቀውም። መልስ ባይጽፍም ያያታል። ዛሬም ወጣ፣ ዛሬም ደህና ነው፣ ሞተሯም አልተበላሸችም ይላል። አባት ልጁን ሌላ ምን ሊነግረው ይፈልጋል? በባሕር ዛፉ ሥር ባልፍ ግን በምን ይመዘገባል?»

መሣሪያዋን ነቅለው አምጥተዋት ኖሮ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጧት። «ድምፅዋን እያት እስቲ።»

ከፈትኳት። ባትሪዋ አብጦ ሽቦውን በልቶታል። ባይበላውስ ምን ሊሆን ነበር? የበድሩ ገመድ ፍየል የሚታሰርበት የቃጫ ገመድ ነው፤ የሚሰማ ጆሮ፣ የሚጽፍ እጅ የለውም። ባለሥልጣን ፊት ያልፈራሁት ሰውዬ እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሊቀ መንገድ እንደ ሐኪም ያዩኛል።

«ድምፅዋ አይመለስም» አልኩ።

«ድምፁን እኔ እሞላላታለሁ። ሌላው ሥራዋስ?»

ክዳኗን ገጥሜ ሰጠኋቸው። «የእኔ ሙያ ስልክ ነው፣ ጋሼ» አልኩ። ሲወጡ ተናደድኩ። በልጁ ተናደድኩ። ልጆቻችንን እንደ ዶሮ ጭኖ በሚወስደው መንገድ ተናደድኩ፤ ያ መንገድ ለመሄጃ ሲሆን ገመድ የለበትም። ከሁሉ በላይ የተናደድኩት ግን ሱቁን ዘግቼ ቤቴ ስገባ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ስልክ ሲጮኽ የምውል ሰው፣ የእኔ ስልክ የሚጮኸው ደንበኛ «ደረሰልኝ ወይ?» ሊለኝ ብቻ ነው።

ገመዱ ተፈታ። ባለ ሚኒባሶቹ ጡሩንባ እየነፉ አለፉ። ሊቀ መንገድ ከምሰሶዎቹ መካከል ሞተራቸውን አቁመው ግራና ቀኝ ሲያዩ የገበያ ሰው ሁሉ ታዝቧል። ከንፈራቸውን አላሾሉም። ከዚያ ወዲህ ቀይዋ ሞተር ከግቢያቸው መውጣት ተወች። መሪጌታ በእግራቸው ወደ ገነተ ማርያም ሲወርዱ አግኝቻቸው «ምሥጋናው አሞታል እንዴ?» ብላቸው «ደህና ነው። የምሄድበት የለኝም ይላል» አሉኝ።

ከአንድ ሳምንት በላይ አልቻልኩም። በድሩ ቤት ሄድኩ።

«ገመዱ የታለ?»

«ላሜን አስሬበታለሁ።»

«ፍታት።»

በድሩ አየኝ። «ወላሂ አንተ ሰውዬ ደህና ነህ? ይነሣ ብለህ አገር ምድሩን ያመስከው አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ። ፍታት።»

«ለማን?» አለና፣ መልሴን ሳይጠብቅ ገባው። «ጢጥ» አለ ለራሱ፣ ሳይስቅ። ላሟን በሌላ ነገር አሰራት። ወደ መሪጌታም ላክሁ፤ ቅዳሜ ወደ ገነተ ማርያም አድርሰኝ ብለው ለምሥጋናው እንዲያስነግሩ። መሪጌታ «ይህስ የክታብ ሥራ ነው» ብለው ተቆጡና ላኩበት።

ቅዳሜ ጠዋት አንዱን ጫፍ በድሩ፣ አንዱን ጫፍ እኔ ይዘን ወጠርን። ምሰሶ ላይ አላሰርነውም። የታሰረ ገመድ ባለቤት ያወጣል፤ ይህን እኔ አውቃለሁ። ባለ ሚኒባሱ ደርሶ እኔን ባየ ጊዜ መስኮቱን አወረደ። «ደሳለ፣ አንተም?» አለ። አረገብንለት፣ እየተሳደበ ሄደ።

ከዚያ ቀይዋ ሞተር ብቅ አለች። መሪጌታ ከኋላ፣ ክታቢቱ ከቦታዋ። ሊቀ መንገድ ገመዱን አይተው ፍጥነት ቀነሱ፤ ቀጥሎ እኔን አይተው ጭራሽ ሊቆሙ ሆነ።

«አንተ አይደለህም ያስነሣኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን ይቆማሉ፣ ጋሼ። ሥልጡን ሰው በር ላይ ይቆማል እንዴ?»

ደረታቸውን ነፉ። መሪውን አስተካከሉ። ከንፈራቸውን አሾሉ፤ ግን ድምፁ እምቢ አለ። በድሩ አየኝ። መሪጌታ መሬት መሬቱን አዩ።

«ጢጥ» አልኩ።

በድሩ አረገበ። እሳቸውም አንገታቸውን ሳያዞሩ እልፍ አሉ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄን አርፍጄ ነው የምከፍተው። የሚስቅብኝ ይሳቅ። ይህን ጽሑፍ ግን የጻፍኩት ለሚስቁት አይደለም። ወንድምአገኝ ምሥጋናው፣ የትም አገር ብትሆን፣ ይህን አንብቦ የሚነግርህ የላስታ ሰው አይጠፋም። የላክሃት መሣሪያ ከሞተች ቆይታለች፤ ምንም አትጽፍልህም። ስለዚህ እኔ እጽፍልሃለሁ። አባትህ ቅዳሜ ጠዋት፣ መሪጌታ ገብረ ዮሐንስን ጭነው፣ በገመዱ በኩል ወደ ገነተ ማርያም ሄደዋል። ደህና ናቸው። ሞተሯም አልተበላሸችም።