የሚቃወመው ጎረቤቴ

ሰው ቤት ልሥራ ባለ ቁጥር ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የሚቃወም ጎረቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ አሜሪካ፣ ኦክላንድ እኛ ሚስተር ሮን አለልን። ዛፍ ሲተከል ይቃወማል፤ ሲቆረጥም ይቃወማል። ደመና የዝናብ ፈቃድ ቢጠይቅ እሱ እያለ የሚያዘንብ አይመስለኝም።

እናቴ ፎቅ መውጣት ስላቃታት ሳሎን ሶፋ ላይ ነበር የምትተኛው። ታች አንድ ክፍል ልንጨምርላት አመለከትን። ለሚስተር ሮን አጥር ስለሚጠጋ ጎረቤት ሳይሰማ አይፈቀድም ተባልን። እኔ ፈሪ ነኝና፣ እንዳይቃወመን እንደ ወጋችን ሽማግሌ ላክሁበት። ነጠላ የለበሱ አባቶች ደጁ ቆሙ፤ እናቴም ጉልበቷን ይዛ ተከተለቻቸው። ሰውየው ምን አጠፋሁ ብሎ ይሆን? ደንግጦ ወንበር አወጣላቸው።

ማዘጋጃ ቤቱ ጎረቤት በሚሰማበት ስብሰባ ቀን ግን ተነሥቶ «እቃወማለሁ» አለ።

«እናትየውን አይቻቸዋለሁ» አለ። «በዚያ ጉልበት የበሩን ደረጃ አይወጡም። በደረጃው ፈንታ ራምፕ፣ ደረጃ የሌለው ተዳፋት መወጣጫ፣ ካልተሠራ እንዳትፈቅዱ።»

ፈቃድ ሰጪዎቹ ኮሚሽነሮች ራምፕ ይሠራ ብለው ፈቀዱ። እግዜር ይስጠው፤ ለካ እኛ ስለ ክፍሉ ስንጨነቅ የበሩን ደረጃ ያሰበ አልነበረም።

አሁን እናቴ ደጋፊ ሳትፈልግ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። ትናንት ጠርታኝ፣ «ልጄ፣ በረንዳ ብንጨምርበት ያ ደግ ሰው ይቃወምልን ይሆን?» አለችኝ።