የጋሽ አዱኛ አረንጓዴ ጠጠሮች

ሰው ቤቱን ጠርጎ፣ ልብሱን አጥቦ፣ ደጁን አጽድቶ ሲጨርስ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ወደ ውስጥ ይዞራል። አያቶቻችን ኮሶ እየጠጡ፣ እየተንገፈገፉ ሆዳቸውን ያጥቡ ነበር፤ እነሱ ግን ጠላታቸውን ያውቁታል። ጥሬ ሥጋ በልተዋል፣ ትሉ አለ፣ ሲወጣም ይታያል። የዛሬ ሰው የሚያጥበው ያላየውን ነው። “መርዝ” ይለዋል። ምን መርዝ፣ ከየት የመጣ ብላችሁ ብትጠይቁት ስልኩን ያሳያችኋል። ስልክ ደግሞ ሲዋሽ ፊቱ አይቀላም።

ጎረቤቴ ጋሽ አዱኛ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እሳቸው ያላስተማሩት ሰው ካለ ከሌላ አገር የመጣ ነው። መጠጥ አይቀምሱም፤ ጾሙን ከካህናቱ እኩል ይጾማሉ። የከተማው ጉበት ሁሉ ተሰልፎ ንጹሑ ይመረጥ ቢባል የሳቸው አንደኛ በወጣ ነበር። ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆነና፣ ባለፈው ክረምት አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው በስልካቸው ውስጥ ብቅ ብሎ “ጉበትዎ ቆሽሿል” አላቸው። አመኑት።

ስም ያልተጻፈበት የቅጠል ዱቄት አስመጡ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት እየበጠበጡ ጠጡ። በመጨረሻ ምግብ ትተው፣ አንድ ብርጭቆ ዘይት ከሎሚ ጭማቂ ጋር ቀላቅለው ጨለጡ። በማግስቱ አስጠሩኝ።

ስገባ አንድ ብልቃጥ ከፍ አድርገው አሳዩኝ። ውስጡ ሽምብራ የሚያካክሉ አረንጓዴ ጠጠሮች ነበሩ። ይለሰልሳሉ፣ ያብለጨልጫሉ። የሚያዩኝ መሰለኝ።

“ከጉበቴ የወጡ ናቸው” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው የኖርኩት።”

ባለቤታቸው እትዬ የሻረግ ከበሩ ሆነው “እስኪ አንተ ንገርልኝ፤ ከሆድ የወጣ ነገር መስኮት ላይ ይቀመጣል?” አሉኝ። እኔ መልስ ሳልሰጥ ጋሽ አዱኛ ከዱቄቱ በጥብጠው አንድ ብርጭቆ አቀረቡልኝ። አስተማሪዬ ነበሩ፤ እምቢ አልወጣኝም። ጠጣሁት። መራራነቱ ጥርሴ ላይ ሰነበተ።

ከሰዓት በኋላ ደመናው ተገለጠና ፀሐይ በመስኮቱ ገባች። ቡና እየጠጣን ሳለን ጋሽ አዱኛ ድንገት መስኮቱ ላይ አፈጠጡ። ዘወር ብዬ አየሁ። ብልቃጡ እንደተከደነ ነው፤ ጠጠሮቹ ግን የሉም። ከሥሩ አረንጓዴ ቅባት ብቻ ተኝቷል።

“ማን ነካቸው?” አሉ።

ማንም አልነካቸውም። ሦስታችንም እዚያው ነበርን። እትዬ የሻረግ አማተቡ። ጋሽ አዱኛ እጃቸውን ቀኝ ጎናቸው ላይ አድርገው፣ የተባረረ እንግዳ ተመልሶ የገባባቸው ይመስል፣ ሲያዳምጡ ቆዩ።

በሳምንቱ ጠዋት ጭጋጉ አጥሩን ውጦት ሳለ ውሻቸው ሲጮኽ ሰማሁ። ስምንት ዓመት ያሳደጉት ውሻ ነው። የሚጮኸው በሳቸው ላይ ነበር። እየቀረቡ ሲመጡ እያፈገፈገ ይጮኻል። ጋሽ አዱኛ በጭጋጉ ውስጥ ቆመው “ምን ሆነ ይሄ?” ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ገና በቅጡ ሳይታየኝ ዓይናቸው ታየኝ። ቢጫ ነው። እንደ አደይ አበባ ቢጫ።

በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሐኪሟ እሳቸው ያስተማሯት ልጅ ነበረች። የሆነውን ሁሉ ጠይቃ፣ ደማቸውን አስመርምራ ተመለሰች።

“ጋሼ፣ ጠጠር አልነበረም። ዘይቱና ሎሚው ሆድዎ ውስጥ ተዋሕደው የሠሩት ሳሙና ነገር ነው፤ ለዚህ ነው የቀለጠው።”

“ጉበቴስ?”

“ጉበት አጣቢ ነው እንጂ ታጣቢ አይደለም። የርስዎ ደህና ነበር። የጎዳው ዱቄቱ ይመስለኛል። አሁን ምንም ሳንጨምርበት ከተውነው ራሱን ይጠግናል።”

“ደህና ነበር?” አሉ ጋሽ አዱኛ። ያን ያህል ያዘነ ሰው አይቼ አላውቅም።

እኔም በዚያ ሰሞን መስታወት ፊት ቆሜ የዓይኔን ቆብ ስገለብጥ ከረምኩ። ምንም አልሆንኩም። ግን አንድ ነገር ውስጤ ሆኖ ቀኑን የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር፤ እጄ ሳላስበው ቀኝ ጎኔ ላይ ሄዶ አገኘዋለሁ።

ወር ቆይተው ጋሽ አዱኛ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከስተዋል፣ ቢጫው ግን መሳሳት ጀምሯል። ጎረቤቱ ሁሉ “እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት” ሊል መጣ። ጋሽ አዱኛም ጠጠሩን፣ ሳሙናውን፣ ሐኪሟ ያለችውን አንድም ሳያስቀሩ ተረኩ። ደስ አለኝ። እንግዲህ ሰፈሩ ተማረ አልኩ።

ተረኩና አበቁ። ከዚያ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ወንበሩን ወደተኙበት አልጋ ሳብ አደረገና፣ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ፣

“ለመሆኑ ጋሼ” አለ፣ “ያ ዱቄት ከየት ነው የሚገኘው?”

ለመሳቅ አፌን ከፍቼ ዙሪያውን አየሁ። ማንም አልሳቀም። ሁሉም መልሱን እየጠበቀ ነበር።