የካፒቴኑ ዓሦችና የመንደሩ በሬዎች

ጨካኝ ሰው ሲባል ፊቱ የተኮሳተረ፣ አበባ የሚረግጥ፣ ሕፃን ሲያይ የሚያጉረጠርጥ ይመስላችኋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ኋላ ሳየው ግን ያጋጠመኝ ጨካኝ ሁሉ የሚሳሳለት አንድ ነገር አያጣም። አንዱ ለበቅሎው፣ አንዱ ለጢሙ፣ አንዱ ለእናቱ ፎቶግራፍ ሆዱ ይባባል። እኔ የማወራችሁ ካፒቴን የሚሳሳው ለዓሣ ነበር። ሊበላው እንዳይመስላችሁ። ቁጭ ብሎ ሊያየው።

ጣሊያን ቡሬ ሲሰፍር እኔ ዳዊት ሳልጨርስ ከየኔታ ያመለጥኩ፣ ከካሚዮን ሥር የማልጠፋ ጎረምሳ ነበርኩ። ከሾፌሮቹ የቃረምኳት ጣልያንኛ ለመሳደብና ለመለመን ትበቃለች። ካፒቴኑ ከምጽዋ ትልቅ የመስተዋት ሣጥን፣ በበርሜል የተሞላ የባሕር ውኃና ዓሦቹን ሲያስመጣ፣ በዚያች ጣልያንኛ ጠባቂያቸው ሆኜ ተቀጠርኩ። እናቴ አፍራ ለጎረቤት «ከብት ነው የሚጠብቀው» ትል ነበር።

ከመጣለት ዓሣ ሲመርጥ ብታዩት! ለልጁ ሚስት የሚያጭ አባት እንደዚያ አያገላብጥም። ሆዷ የጎደለ አይወስድም፣ ቀለሟ የደበዘዘ አይወስድም፣ ክንፏን የሰበሰበች አይወስድም፤ ጠበኛውን ከጭምቱ ጋር አያኖርም። ከዚያ በኋላ ያለው መከራ የኔ ነው። እንዳይታፈኑ በአንጥረኛ ወናፍ አየር ስነፋላቸው እውላለሁ። ውኃው ተንኖ ሲጎድል ንጹሕ የምንጭ ውኃ ብቻ እጨምራለሁ፤ ጨው አይተንማ! ሲቆሽሽ ደግሞ ከፊሉን ቀድቼ ከአጥሩ ኋላ እደፋና፣ ከጆንያ ጨው ዝቄ፣ በጥብጬ፣ አሳድሬ እተካለሁ።

ጨው ነው ያልኳችሁ። በጆንያ።

ካፒቴኑ እኮ ጠብመንጃውን ላላስረከበ ባላገር ጨው እንዳይሸጥ ከልክሏል። ከቡሬ እስከ ጅጋ አሞሌ ይዞ የተገኘ ነጋዴ አሞሌውም እሱም ይወሰዳሉ። ሰው እንደምንም አልጫውን ለመደ። ከብት ግን አልለምድ ብሎ ድንጋይ ይልሳል፣ ግድግዳ ይልሳል።

አክስቴ እትዬ ስንዱ ከከተማው ወጣ ካለች መንደር ይኖራሉ። ልጃቸው ጠብመንጃውን ይዞ ዱር ወርዷል፤ የቀራቸው ቦራ የሚባል አንድ በሬ ነው። ጎረቤታቸው አያ ቢተው ደግሞ ዳለቻ የሚባል አንድ በሬ አላቸው። በአንድ በሬ አይታረስምና ሁለቱን አቀናጅተው በየተራ ያርሳሉ፤ መቀናጆ የምንለው ነው። አያ ቢተው ጠብመንጃ አስረክበው ለጣሊያን ከገቡ ወዲህ እትዬ ስንዱ ደኅና ዋልክ እንኳ አይሏቸውም። በሬዎቹ ግን አልተኳረፉም።

አንድ ጠዋት ከአጥሩ ኋላ ብወጣ ቦታው በከብት ተሞልቷል። የደፋሁትን ውኃ ምድር ጠጥቶ ጨዉ ነጭ ሆኖ ወጥቶ ኖሯል፤ የየመንደሩ ከብት ሽታውን ተከትሎ መጥቶ አፈሩን ይልሳል። ካፒቴኑ በመስኮት አየና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። የሹም ሳቅ መሐል ላይ ሲቆም ፍሩት።

«ከዛሬ ጀምሮ ውኃውን በየቀኑ ቀይር፤ ለዓሦቹ ጤና ጥሩ ነው» አለኝ። ምን ያህል አሳቢ እንደሆነ የገባኝ ወታደሮቹ ከብቱን ከበው በረት ሲያስገቡት ነው። አዋጁም አብሮ ወጣ፤ ያስረከበ ሰው ከብቱን ይውሰድ፣ ያላስረከበ ጠብመንጃውን ያምጣ፣ አለዚያ ከብቱ ለወታደር ቀለብ ይሆናል።

ቦራና ዳለቻ በረቱ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል። እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። አስተርጓሚው እኔው ነኝ።

«ልጅዎ ይግባና በሬዎን ይውሰዱ ይላል።»

«አንተ ነህ እሱ የሚለው?»

«እሱ ነው እቴቴ። እኔ አፍ ብቻ ነኝ።»

«እንግዲያው በአፍህ ንገረው። በሬ ወልጄ አላውቅም በለው።»

የኔ ጣልያንኛ ይህን ከየት ያመጣል? «እምቢ ብለዋል» አልኩት።

አያ ቢተው የዳለቻን ገመድ ተቀብለው አልሄድ አሉ። «ጌታዬ፣ ይኼ ያለዚያኛው አያርስም፤ ሁለቱ አንድ ናቸው» ብለው እጅ ነሱ። ካፒቴኑ ትከሻቸውን ቸብ አደረገና «አንተ ታማኝ ነህ፤ የራስህን አግኝተሃል» አላቸው። ይህ ሰው ማን መሰላችሁ? ከጥንድ ዓሦቹ አንዷ ሞታ የቀረችው አልበላ ብትል፣ ጓደኛ ይምጣላት ብሎ እስከ ምጽዋ ካሚዮን የላከ ሰው ነው።

ቦራ በማግስቱ ታረደ። ሥጋው ለወታደር፣ ልቡ ለኔ ተላከ፤ ዓሦቹ የደቀቀ የበሬ ልብ ይወዳሉ። ከተፍኩላቸው። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። እነሱ ምን ጾም አለባቸው፣ ፍርፋሪ ሳያስቀሩ ጠርገው በሉ። ካፒቴኑ ደስ ብሎት ሲጋራ ሰጠኝ።

የእርሻው ወራት ደረሰ። ያ ሁሉ ጥማድ በሬ በወታደሩ ድስት አልፎ ስለነበር ዳለቻን የሚቀናጅ ጠፋ። አክስቴን ልጠይቅ የሄድኩ ቀን አያ ቢተው ከእርሻው ድንበር ቆመው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ደረስኩ።

«ስንዱ፣ ትርፍ ዶማ አይኖርሽም?»

«ዶማ ምን ያደርግልሃል? አንተ እኮ በሬ አለህ።»

እትዬ ስንዱ ይህን ብለው ገቡ፤ ሁለት ዶማ ይዘው ወጡና አንዱን ከአያ ቢተው እግር ሥር ጣሉላቸው። «ከኔ ማሳ ነው የምንጀምረው» አሉ።

የገቡትና ያልገቡት ጎን ለጎን አጎንብሰው ሲቆፍሩ ዋሉ። ዳለቻ ከግራሩ ጥላ ሥር ቆሞ፣ እያመሰኳ ያያቸው ነበር።