ኮምፒውተሩ ያናፋ ዕለት

እኛ ሰዎች አዲስና ውድ ዕቃ ስናገኝ መጀመሪያ የምናደርገው መጠቀም ሳይሆን መሸፈን ነው። ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው ከቴሌቪዥኑ ቀድሞ የሚያሳስበው ዳንቴሉ ነው። ሶፋዋን ከመጣበት ላስቲክ ጋር ያስረጀች ጎረቤት አለችኝ፤ እንግዳ በተቀመጠበት ቁጥር ይንኮሻኮሻል፣ እሷ ግን ዛሬም ላስቲኩን ለመግፈፍ በቂ ክብር ያለው እንግዳ እየጠበቀች ነው። ታዲያ ለትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ሲመጣ ምን የተደረገ ይመስላችኋል?

ትምህርት ቤታችን ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ወደ ጥርባ በሚወስደው በኩል ነው። እኔ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። ርዕሰ መምህራችን ደግ ሰው ናቸው፣ ክፋታቸው ጥንቃቄያቸው ብቻ ነው። ኮምፒውተሮቹ በመጡ ሳምንት ባለቤታቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል ይዘው መጥተው አንድ በአንድ አለበሷቸው። ክፍሉ ሙሽሮች ተደርድረው የተቀመጡበት ዳስ መሰለ። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ዋለ። ጫማ ሳያወልቁ መግባት ተከለከለ። በእኛ አገር ደግሞ ዝናቡ ሰማዩን ተከራይቶ ነው የሚኖረው፤ ጭቃው ጫማ አውልቆ ብቻ የሚለቅ አይደለም። ስለዚህ ልጆቼ ጫማ አውልቀው፣ እግር ታጥበው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይገቡና ዳንቴሉን ጎብኝተው ይወጡ ነበር።

ብዙ ከተሟገትኩ በኋላ ነው በሳምንት ሁለት ቀን ዳንቴሉ እንዲነሣ የተፈቀደልኝ። ከኮምፒውተሮቹ ጋር የሕፃናት ትምህርት ያለበት ሲዲ አብሮ መጥቶ ነበር። ፊደል አለው፣ ቁጥር አለው፣ እንስሳት አሉት። ጥያቄውን የምትጠይቀው ሴት ድምፅዋ ማር ነው። ልጁ ትክክል ከነካ ደወል ይደወልና አበባ ይፈነዳል። ከተሳሳተ ግን ጥርሱ ሁሉ የወጣ አህያ ከጥግ ብቅ ይልና ያናፋል። ይህን ያዘጋጀው ሰው የት አገር እንደሆነ አላውቅም፤ አህያ የቀልድ እንስሳ የሆነበት አገር መሆን አለበት። እኛ ዘንድ አህያ ሸክም ነው፣ ስድብም ነው።

አብዛኞቹ ልጆች አህያውን ወደዱት። ይታይሽ ግን አልወደደችውም። ይታይሽ ጠጠር ስትቆጥር ማንም የማይደርስባት፣ ቤቷ ውስጥ የአካባቢው ቋንቋ አውኚ ብቻ የሚነገር፣ በክፍል ውስጥ በአማርኛ ለመናገር ከንፈሯን ደጋግማ የምታሟሽ ልጅ ናት። አንድ ቀን ተሳሳተችና አህያው አናፋባት፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀኝ እጇን ሹራቧ እጅጌ ውስጥ ከተተች። ማውሱን ስሰጣት እጅጌዋን ትዘረጋለች እንጂ እጇ አይወጣም። ዓይን አፋር ስለሆነች ነው፣ ይለቃታል እያልኩ ጠበቅሁ። አልለቀቃትም።

በዚህ መሃል የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮቹን ጠየቀ። አፍንጫውን መጥረግ ላልቻለ ሕፃን ኮምፒውተር ምን ይሠራለታል፣ እናንተ ጋ ዳንቴል ከሚለብስ እኛ ጋ ሥራ ይሥራ አሉ። እውነት ለመናገር፣ ስለ ዳንቴሉ አልዋሹም። ጉዳዩ ለወላጅና መምህር ኅብረት ቀረበ፤ የኅብረቱ ሰብሳቢ ደግሞ አያ ፈንታሁን ናቸው። አያ ፈንታሁን ገበሬ ናቸው፤ በጥር ለፈረስ በዓሉ ፈረሰኛው ሁሉ ሲሰበሰብ ከፊት ከሚታዩት አንዱ ናቸው፤ የይታይሽም አያት ናቸው። እሳቸው ያሉት ይጸናል። እሳቸውም በሰው ወሬ አልፈርድም፣ ገብቼ በዓይኔ አያለሁ አሉ።

የመጡ ዕለት ርዕሰ መምህሩ ዳንቴሉን እንደ ታቦት መጋረጃ ቀስ ብለው ገለጡ። ለክብራቸውም ሲሉ ድምፅ ማጉያውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። አያ ፈንታሁን ጫማቸውን አውልቀው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ከኋላቸው ለታዛቢነት የመጣ የቀበሌ ሰው ተቀመጠ፤ ከእሱ ኋላ ልጆቼ እርስ በርስ ተደራረቡ። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ሜዳ መጣ። ሜዳው ላይ ሰባት ከብቶች ይግጣሉ። ባለ ማር ድምፅዋም በሜዳው ላይ ስንት ከብቶች እንዳሉ ቆጥረው ቁጥሩን እንዲነኩ ጠየቀች።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ገበሬ እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? በእኛ አገር ስንት ከብት አለህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ወይ ልጁን ሊድር ያሰበ ነው፣ ወይ ግብር ሊጥል የመጣ ነው፣ ወይ ዓይኑ ክፉ ነው። መልሱም አንድ ነው፤ ተመስገን፣ ጥቂት አሉን። አያ ፈንታሁን ሜዳውን አዩ። ዞር ብለው የቀበሌውን ሰው አዩ። ከዚያ ረጋ ብለው ሦስትን ነኩ።

አህያው አናፋ። ማጉያው እስከ መጨረሻው ስለተከፈተ መስኮቱ ነዘረ። ያ አልበቃ ብሎ ከአጥር ውጭ እህል ተጭኖ የቆመ እውነተኛ አህያ የዘመዱን ድምፅ ሰምቶ መልስ ሰጠ። ሁለቱ ተቀባብለው ሲያናፉ ልጆቼ መሬት ላይ ተንከባለሉ። የቀበሌው ሰው ሳቁን ሊውጥ ሲታገል ትን አለው። ርዕሰ መምህሩ ዳንቴሉን ይዘው ኮምፒውተሩን ልሸፍን ወይስ ራሴን በሚል ዓይን ቆሙ።

አያ ፈንታሁን ተነሡ። ጫማቸውን አጠለቁ። እየተከተልኩ ይቅርታ ስጠይቃቸው ደጃፉ ላይ ቆም አሉ።

«በእኛ አገር ሰው ከፈረስ ይወድቃል፤ እኔም ወድቄ አውቃለሁ» አሉኝ። «የወደቀ ሰው ‹እኔን› ይባላል እንጂ አህያ ያናፋበታል? ሕፃኑን እንዲህ እያላችሁ ነው የምታስተምሩት?»

ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን አልነበረም። ግድግዳውን ተደግፋ የቆመችውን የልጅ ልጃቸውን፣ እሷንም አይደለም፣ ባዶ የተንጠለጠለውን እጅጌዋን ነበር የሚያዩት። እኔም አየሁት። ያን ያህል ጊዜ በየቀኑ ሳየው የነበረው እጅጌ ያን ቀን ደረቴን ወጋኝ።

ለመሆኑ ሦስትን ለምን ነኩ? እንደማይቆጥሩ አይደለም። ኋላ ቀስ ብዬ ብጠይቃቸው፣ የቀበሌ ሰው ከጀርባዬ ተቀምጦ የማላውቀውን ሰው ከብት ምን አግብቶኝ አጋልጣለሁ አሉኝ። ስክሪን ላይ ላለ ሜዳ ባለቤት የተቆረቆረ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም። እና እንዲህ ባለ ሰው ላይ ነው አህያ ያናፋው።

ውሳኔው ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጠረ፤ ሁሉም ግን የኮምፒውተሮቹ መሄድ የታወቀ ነገር ነው አለ። መምህራኑ ኮምፒውተሩን ረገሙ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ይህ ነው፤ የእኛው ነገር ደግሞ ተገላቢጦሽ፣ ጥፋቱ የአህያው ሆኖ ሳለ አህያውን የተሸከመው ኮምፒውተር ተወቀሰ። ዳንግላ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ላለው የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ደወልኩ። ኔትዎርኩ ሦስት ጊዜ ቢቆራርጠንም ነገሩ ገባው። አህያውን አውጥቶ ሌላ ድምፅ መክተት ቀላል ነው፣ አንቺ ብቻ ጥሩ ድምፅ ቀድተሽ አምጪ አለኝ።

ድምፁን የት እንደማገኘው አያ ፈንታሁን «የወደቀ ሰው ‹እኔን› ይባላል» ሲሉ ነግረውኛል። እሳቸው ገበያ የሄዱበትን ቀን ጠብቄ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ሰፈሩን ሁሉ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ስልኬን አውጥቼ፣ መቅጃውን ከፍቼ፣ ልጅ ሲወድቅ የሚሉትን እዚህ ላይ ይበሉልኝ አልኳቸው። እትዬ ብርቄ ስልኩን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ማን ወደቀ አሉኝ። ማንም አልወደቀም፣ እንዲያው ለልጆቹ ነው አልኳቸው። ማንም ሳይወድቅማ እንዴት ብዬ፣ ሟርት አይሆንም ወይ አሉኝ። ለመንኩ፣ አስረዳሁ፣ ስለ ዘመናዊ የማስተማር ዘዴ ኮሌጅ የተማርኩትን ሁሉ አራገፍኩ። እትዬ ብርቄ ግን ባልወደቀ ሰው ላይ አፋቸውን አልከፍት አሉ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ተሰናበትኩ።

የግቢያቸው መውጫ ያን ቀን ጭቃ ብቻ ነበር። አንድ እግሬ ወደ ዳንግላ፣ አንዱ ወደ ባንጃ ሄደና በግንባሬ ተደፋሁ። ከኋላዬ የሰማሁትን ጩኸት እስካሁን አልረሳውም።

«እኔን! እኔን ይድፋኝ!»

እትዬ ብርቄ በባዶ እግራቸው ሮጠው ደረሱ። ግንባሬን በነጠላቸው እየጠረጉ በአውኚ ሲያባብሉኝ እኔ፣ ኮሌጅ የጨረስኩት ሴት፣ ልቤ እንደ ሕፃን ተንሰፈሰፈ። እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም ነበርና አለቀስኩ። እሳቸው ግን ጉልበቴ የተሰበረ መሰላቸው። ስልኬን ከጭቃው አውጥቼ ስጠርገው አሁንም እየቀዳ ነበር።

በማግሥቱ ሲዲውን ይዤ ሚኒባስ ተሳፍሬ ዳንግላ ገባሁ፤ ከመናኸሪያው እስከ ሱቁ ያደረሰኝ ጋሪ ነው። ፈረሱ በመንገዱ ሁለት ጊዜ ተደናቀፈ፤ ባለ ጋሪው ሁለቱንም ጊዜ አይዞህ አለው። ፈረስ አይዞህ በሚባልበት አገር በልጅ ላይ እንዴት አህያ ያናፋል እያልኩ ስቃጠል ደረስኩ። ጓደኛዬ አህያውን አወጣልኝ፣ የጭቃውን ድምፅ ቆረጠልኝ፣ እትዬ ብርቄን በቦታው ተከለልኝ።

የውሳኔው ቀን ርዕሰ መምህሩ በፍርሃት ማጉያውን ዝቅ አደረጉት። አያ ፈንታሁን አልቀመጥም አሉ፤ መጀመሪያ ልጅቷ ትሞክር አሉ። ይታይሽ ወንበሩ ላይ ወጣች፣ እጇ ግን ከእጅጌዋ አልወጣም። ሌላ መላ ሲጠፋኝ ማውሱን ወስጄ እኔው ራሴ ሆን ብዬ ተሳሳትኩ።

«እኔን! እኔን ይድፋኝ!» አለ ኮምፒውተሩ።

ይታይሽ ብድግ አለች። ወደ በሩ አየች፣ ወደ መስኮቱ አየች፣ ከዚያ ከወንበሩ ወርዳ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሴት አያቷን ፈለገች። ስታጣቸው ተመልሳ ተቀመጠችና ስክሪኑን ተጠግታ ፈገግ አለች። ከዚያ እጇ ወጣ። ጣቶቿ ከመታፈናቸው ብዛት ነጥተው ነበር። ከብቶቹን በአውኚ እያንሾካሾከች ቆጠረች፣ ሰባትን ነካች፣ ደወሉ ተደወለ። ያን ደወል ስሰማ ቅዳሴ የሰማሁ ያህል ደስ አለኝ።

አያ ፈንታሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዕቃው እዚሁ ይቆያል፣ ዳንቴሉ ግን ለባለቤቱ ይመለስ ብለው ፈረዱ። ርዕሰ መምህሩ አጨበጨቡ፤ የቀበሌው ሰው ወጣ፤ ልጆቹም ለዕረፍት ተበተኑ። እሳቸው ግን አልወጡም። እስቲ እኔም ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

ያው ሜዳ፣ ያው ሰባት ከብት። ሦስትን ነኩ። እትዬ ብርቄ ከማሽኑ ውስጥ እኔን ይድፋኝ አሉ። አያ ፈንታሁን ደንግጠው በሩን አዩ። ሁለትን ነኩ። እኔን ይድፋኝ። አንድን ነኩ። እኔን ይድፋኝ። አሁን ከኋላቸው የቀበሌ ሰው የለም፣ ታዲያ ከብቱን ከማን ይሆን የሚደብቁት ብዬ ጎንበስ አልኩና፣ አያ ሰባት ናቸው ብዬ በጆሯቸው ሹክ አልኳቸው።

«ዐውቃለሁ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። «ተይኝ እስቲ ልሳሳትበት። ይህችን ሴት ካገባሁ ጀምሮ ተሳስቼ እንዲህ ስባል ገና ዛሬ ነው።»